የመኪና ፍሬን ሸራ፤ በገዛ እጅ መለወጥ ወይስ ለጋራዥ ከፍሎ ማስለወጥ?

(በሬዲዮ ከተነገረ ትምህርታዊ ንግግር የተወሰደ)



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ ከሩቅ ሲመለከቱት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የቤተ ሰብን ኪስ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብን ሕይወትም የሚነካ ነው። ይኸውም ያለቀ የመኪና ፍሬን ሸራ ባለመኪናው በገዛ እጁ ሊለውጠው ይገባዋልን? ወይስ ለአስመጪው ወኪል ጋራዥ ከፍሎ ማስለወጥ ይሻለዋል? የሚለው ጥያቄ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ዓመት ቆጥቦ ወይም ተበድሮ አንድ ያገለገለ መኪና ሲገዛ፣ ከመግዣው ዋጋ በኋላ የሚከተለውን ወጪ አስቀድሞ የሚያስበው ከስንት አንዱ ነው። ነዳጁ፣ ዘይቱ፣ ጎማው፣ ኢንሹራንሱና ቦሎው ተራ በተራ ሲመጡ ደመወዝ ባለበት ቆሞ ወጪው ብቻውን ይሄዳል። በዚህ ጊዜ አንዱ ባልንጀራ «ሸራ መለወጥ እኮ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ገንዘብህን ለምን ታባክናለህ?» ብሎ ይመክራል። ሌላው ደግሞ «በፍሬን አይቀለድም፤ ለባለሙያ ስጥ» ይላል። ሁለቱም ከእውነቱ ከፊሉን ይዘዋል፤ ሙሉውን ግን አልያዙም። ስለዚህ አስቀድመን የነገሩን ባሕርይ መርምረን፣ ከዚያ በኋላ ወደ ፍርዱ ብንሄድ ይሻላል።

የፍሬን ሸራ ታሪክ ከመኪና ታሪክ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር በርታ ቤንዝ የተባለችው ጀርመናዊት ባልዋ ካርል ቤንዝ በሠራው ባለሦስት እግር መኪና ሁለት ልጆችዋን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ተጓዘች። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ቁልቁለቱ እየበዛ በሄደ ጊዜ የእንጨቱ ፍሬን እየተበላ መሄዱን አስተዋለች፤ በመንገድም አንድ ጫማ ሰፊ አግኝታ በእንጨቱ ላይ ቆዳ እንዲመታበት አደረገች። ዛሬ ሸራ የምንለው ነገር ጅማሬው ይህ ነው ይባላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቆዳውን የመታው ባለሙያው ነው፤ ፍሬኑ መበላቱን ያየችው፣ ምን እንደሚያስፈልግም ያወቀችው ግን ነጂዋ ናት።

እንግዲህ ፍሬን የሚሠራው እንዴት ነው? መኪና በሚሄድበት ጊዜ በውስጡ የተጠራቀመ የእንቅስቃሴ ኃይል አለ። መኪናውን ለማቆም ይህ ኃይል ወደ ሌላ መልክ መለወጥ አለበት፤ ፍሬንም ኃይሉን በሰበቃ አማካይነት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ነጂው ፔዳሉን በረገጠ ጊዜ ግፊቱ በፍሬን ዘይት በኩል በቀጭን ቱቦ ተላልፎ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ይደርሳል። በዚያም ካሊፐር በሚባለው መያዣ ውስጥ ያለው ፒስተን ሁለቱን ሸራዎች ከጎማው ጋር በሚሽከረከረው የብረት ዲስክ ላይ ግራና ቀኝ ያጣብቃቸዋል። ሸራው ዲስኩን ባሻሸ ቁጥር ራሱ ጥቂት በጥቂት እያለቀ ይሄዳል። ያልቅ ዘንድ የተሠራ ነውና ማለቁ ጉድለቱ አይደለም፤ ጉድለቱ ማለቁን ሳያዩ መቅረት ነው።

የሙቀቱን መጠን በቁጥር ብናየው ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። ክብደቱ 1000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 35 ኪሎ ጁል ይጠጋል። ፍጥነቱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል ግን 139 ኪሎ ጁል ያህል ይሆናል። ፍጥነቱ በሁለት እጥፍ ሲያድግ ሸራው የሚሸከመው ሙቀት በአራት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ይኸው መኪና 1000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ደግሞ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ 70 ጊዜ ያህል ከማቆም ጋር ይተካከላል።

ይህ ስሌት በአገራችን መልክዓ ምድር ላይ ሲታይ ባዶ ሒሳብ አይደለም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ከ1000 ሜትር የበለጠ ቁልቁለት ይጠብቀዋል፤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውም መንገድ ቁልቁለት የበዛበት ነው። በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ እንኳ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ታችኛው ሰፈር ያለው መንገድ በአመዛኙ ቁልቁል ነው። እንዲህ ባለ ቁልቁለት እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሣ የሚወርድ ሰው ሸራውን ያግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ በዝቅተኛ ማርሽ ሆኖ የሞተሩን ጉልበት መያዣ እያደረጉ መውረድ ከማንኛውም አዲስ ሸራ የበለጠ ጥቅም አለው። ይህን ለማድረግ ጋራዥም መካኒክም አያስፈልግም።

ፍሬን ማለቁን ከመናገሩ በፊት አያደክምም፤ የሚሰማው ካገኘ አስቀድሞ ያስታውቃል። አንደኛው ምልክት ድምፅ ነው። በብዙ ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ተሠርታለች፤ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች ቀጭን የፉጨት ድምፅ ታሰማለች። ይህ ፉጨት ችላ ተብሎ ወደ ሻካራ የመፋቅ ድምፅ ከተለወጠ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ነውና መኪናው ከዚያ በኋላ መነዳት የለበትም። ሁለተኛው ምልክት በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ቀስ በቀስ ዝቅ ማለቱ ነው። ሦስተኛው መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ወገን መሳቡ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በዓይን ማየት ነው። የአዲስ ሸራ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ መለወጥ ይገባዋል። በብዙ መኪናዎች ላይ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ በእጅ ባትሪ ብርሃን ማየት ይቻላል። ነገር ግን የሚታየው የውጭው ሸራ ብቻ ስለ ሆነና የውስጡ አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ጎማ በሚወልቅበት ጊዜ ሁሉ ሁለቱንም ማየት ልማድ ሊሆን ይገባል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። ለአስመጪው ወኪል ጋራዥ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገዛው ምንድን ነው? ለብሎን መፍታት ብቻ የሚከፈል የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ገንዘቡ የሚገዛው በመጀመሪያ ትክክለኛውን መለዋወጫ፣ ሁለተኛ መኪናውን በደኅና የሚያነሣውን መሣሪያ፣ ሦስተኛ በዚያው ዓይነት መኪና ላይ በየቀኑ የሚሠራውን እጅ፣ አራተኛ ሥራው ቢበላሽ ተመልሶ የሚጠየቅበትን ደረሰኝ ነው። መኪናው ገና በዋስትና ዘመኑ ውስጥ ከሆነ ይህ ደረሰኝ ራሱ ዋጋ አለው። በአንጻሩ ደግሞ የወኪሉ ጋራዥ ዋጋ ከሰፈሩ ጋራዥ ይበልጣል፤ ወረፋውም ይረዝማል። ገና ሊያገለግል የሚችለውን ዲስክ ከሸራው ጋር አብሮ መለወጥ አለበት ተብሎ ሒሳቡ የሚያድግበትም ጊዜ አለ። በሌላ በኩል የሰፈሩ መካኒክ በዋጋ ይቀላል፤ ብልሃተኛና እውነተኛ የሆነም ብዙ ነው፤ ነገር ግን የሚጠየቅበት ወረቀት ብዙ ጊዜ የለም።

በገዛ እጁ የሚሠራው ሰውስ የሚያተርፈው ምንድን ነው? የእጅ ዋጋውን ያተርፋል፤ የሚገባውንም ሸራ ዐይቶ ይገዛል፤ መኪናውንም ያውቃል። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት ለመሣሪያ የሚያወጣው ገንዘብ ከትርፉ ሊበልጥ ይችላል። ደኅና ክሪክ፣ ሁለት የብረት ማቆሚያ፣ ልክ ልካቸውን የሠሩ ቁልፎች፣ የብሎን ማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍና ግራሶ ሳይገዙ መጀመር አይገባም። የፊት ሸራ ደግሞ በጥቂት ወር የሚለወጥ ነገር አይደለም፤ በጥንቃቄ የሚነዳው ሰው ዓመታት ያገለግለዋል። ስለዚህ መሣሪያውን ለዚህ ሥራ ብቻ የሚገዛ ሰው ሒሳቡን ደግሞ ይመልከተው። ሌሎችንም ጥቃቅን ሥራዎች በገዛ እጁ ለሚሠራ፣ ወይም ከጎረቤትና ከወንድም ጋር መሣሪያ ለሚጋራ ሰው ግን ትርፉ እውነተኛ ነው።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳሉት፣ ሥራውን ልሥራ የሚል ሰው ቅደም ተከተሉን በቅድሚያ ይወቅ። መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ የኋላ ጎማው ከፊትና ከኋላ ታኮ ይደረግበታል። የጎማው ብሎኖች ጎማው መሬት ሳይለቅ በጥቂቱ ይላላሉ፤ ከዚያ መኪናው በክሪክ ይነሣል። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለማቆሚያ አልተሠራም፤ መኪናው በብረት ማቆሚያ ላይ ሳያርፍ እጅን ወደ ውስጥ መስደድ፣ ይልቁንም ከሥሩ መግባት፣ ከሥራው ሁሉ የከፋው አደጋ ነው። በድንጋይ ወይም በጡብ መደገፍም እንዲሁ።

ጎማው ከወለቀ በኋላ ካሊፐሩን የያዙት ብሎኖች ይፈታሉ። የወረደው ካሊፐር በላስቲክ ቱቦው ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ በሽቦ ይታሰር። አሮጌዎቹ ሸራዎች ይወጣሉ፤ ፒስተኑም በቀስታ ወደ ውስጥ ይገፋል። በዚህ ጊዜ የፍሬን ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ስለሚመለስ፣ ቀደም ሲል ዘይት ጨምሮ ሞልቶት የነበረ ሰው ሊፈስበት ይችላል። የፈሰሰው ዘይት የመኪናውን ቀለም ይበላልና ቶሎ በውኃ ይታጠብ። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ይጸዱና ለእነርሱ የሚስማማ ግራሶ ይቀቡ፤ እነዚህ ፒኖች ከደረቁ አንዱ ሸራ ሳያልቅ ሌላው ያልቃል። ግራሶም ሆነ ዘይት ግን የሸራውን ፊትና ዲስኩን ፈጽሞ መንካት የለበትም። አዲሶቹ ሸራዎች ይገባሉ፤ ብሎኖቹም የመኪናው መጽሐፍ በሚያዘው ልክ ይጠብቃሉ። የጎማው ብሎኖች በብዙዎቹ ትንንሽ የቶዮታ መኪናዎች ላይ በ103 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ሥራው ምንጊዜም በቀኝና በግራ ጎማ ላይ በአንድነት ይሠራል፤ አንዱን ወገን ብቻ መለወጥ መኪናው በሚያዝበት ጊዜ ወደ አንድ ወገን እንዲሳብ ያደርገዋል።

ከሁሉም በኋላ የሚመጣው ነገር ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለ ተገፋ፣ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ ተነሥቶ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ ይረገጥ። ይህን ሳያደርግ ከግቢ የሚወጣ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬን በበሩ ላይ ወይም በሰው ላይ ይፈልገዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በፍሬን ላይ ግን የፈሰሰው ሁሉ ተመልሶ አይለቀምም። አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪስማማ ድረስም የመጀመሪያዎቹን 300 ኪሎ ሜትሮች ያህል በዝግታና ድንገተኛ ፍሬን ሳይዙ መንዳት ይገባል።

ስለ አቧራውም እንናገር። በቀድሞ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ በተባለው ማዕድን ይሠራ ነበር፤ ይህ ማዕድን ሙቀትን የሚችል ሲሆን ብናኙ ግን የሳንባ ካንሰር ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ እንዳይውል ከልክለዋል፤ ሆኖም ምንጩ በማይታወቅ ወይም በአሮጌ ሸራ ውስጥ ይኖር እንደ ሆነ በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ በፍሬኑ ላይ ያለውን አቧራ በአፍ ወይም በኮምፕረሰር እፍ ማለት፣ በደረቅ ብሩሽም መጥረግ አይገባም፤ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት ይሻላል። ይህ ምክር ሥራውን በየቀኑ ለሚሠሩት የጋራዥ ልጆች ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል።

ለባለሙያ የሚተው ሥራም አለ። የፍሬን ዘይቱ ቱቦ የተፈታ ወይም የሚያንጠባጥብ እንደ ሆነ አየር ይገባበታል፤ አየር የገባበት ፍሬን ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናልና ይህን ለማያውቅ እጅ መስጠት አይገባም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ድንገት የሚሰምጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ዘይቱን በየ2 ዓመቱ ገደማ በባለሙያ ማስለወጥ ይመከራል። በኋላ ጎማ ላይ ያለው የታምቡር ፍሬንም በብዙ ሞላዎች የተያያዘ ስለ ሆነ ለጀማሪ አይመችም። የዲስኩ ውፍረት በላዩ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ልክ በታች ከሆነ፣ ወይም የፍሬኑ ማስጠንቀቂያ መብራት እምቢ ብሎ ከበራ፣ ነገሩ ከሸራ መለወጥ ያለፈ ነው።

ኤሌክትሪክ መኪናም እንዲሁ የራሱ ጠባይ አለው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በዝቷል። ይህ መኪና ፍጥነቱን በሚቀንስበት ጊዜ ኃይሉን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ሸራው ቶሎ አያልቅም፤ ይልቁንም ብዙ ባለመሥራቱ ሊዝግና ሊጣበቅ ይችላል። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ በሆነ መኪና ላይ ደግሞ የኋላውን ፒስተን በጉልበት መግፋት መሣሪያውን ይሰብራል፤ ፒስተኑ የሚመለሰው መኪናው ራሱ በሚታዘዝበት የጥገና ሥርዐት ነው።

ሸራውን ለመግዛት ወደ ሶማሌ ተራም ሆነ ወደ ሌላ የመለዋወጫ መደብር የሚሄድ ሰው አሮጌውን ሸራ ይዞ ይሂድ፤ የመኪናውንም የሻንሲ ቁጥር ይያዝ። ማሸጊያው ታዋቂ ስም ስለ ተጻፈበት ብቻ ዕቃው እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ በብረቱ ላይ መለያ ቁጥር የሌለው፣ የሸራው ጠርዝ የተሰነጠቀ፣ ዋጋውም ከሌላው እጅግ የወረደ ከሆነ መተው ይበጃል። በሸራ ላይ የሚተርፈው ገንዘብ ከትርፍ አይቆጠርም።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? ሸራን መመርመር የማንኛውም ባለመኪና ግዴታ ነው፤ ለሌላ ሰው አይተውም። የፊት ዲስክ ሸራን መለወጥ መሣሪያ፣ ደልዳላ ስፍራ፣ ትዕግሥትና ለመጀመሪያው ጊዜ አጠገቡ የሚቆም ዐዋቂ ሰው ላለው ሰው የተፈቀደ ሥራ ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ሰው ግን ሳያፍር ለባለሙያ ይክፈል። የዘይት ቱቦ፣ ታምቡርና ኤሌክትሪክ ያለበት ፍሬን ከጅምሩ የባለሙያ ነው።

ለባለሙያ የሚሰጠውም ሰው ቁልፉን አስረክቦ መሄድ ብቻ አይበቃውም። አሮጌው ሸራ እንዲታየው ይጠይቅ፤ ዲስኩ ተለክቶ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ፒኖቹ መጽዳታቸውን፣ ቀኝና ግራው አብሮ መለወጡን፣ ብሎኖቹ በልካቸው መጥበቃቸውን ይጠይቅ፤ ደረሰኙንም ይቀበል። ይህን የሚጠይቅ ሰው የሚታለልበት መንገድ ይጠብባል፤ ደኅና መካኒክም እንዲህ ያለውን ደንበኛ አይጠላም።

በመንገድ የሚሻገረው ተማሪ፣ በታክሲ ሰልፍ የቆመው ሠራተኛ፣ በአስፋልቱ ዳር የሚሄዱት እናት የመኪናው ሸራ በማን እጅ እንደ ተለወጠ አያውቁም፤ ሊያውቁም አይችሉም። መኪናው በፊታቸው እንደሚቆም አምነው ይሻገራሉ። ይህን እምነት የሚጠብቀው መሪውን የያዘው ሰው ነው፤ የሰው እጅ በገንዘብ ይቀጠራል፤ ኃላፊነት ግን ከደረሰኝ ጋር አይተላለፍም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ፣ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል የገዛ መኪናችሁን ሸራ ተመልከቱ። ከዚያ በኋላ በገዛ እጃችሁ ለመለወጥም ሆነ ለማስለወጥ የምትወስኑት ውሳኔ በዕውቀት የተደረገ ይሆናል።